በወሬ የታወረችው መቅረዝ ሠሪ

በሌላው ሰው ኀዘን ተከልሎ የሚዋሽ ሰው ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ አንድ ጊዜ ስሙን በሐሰት በሚያነሣው ሰው ላይ፣ ሁለተኛም በተከለለበት ኀዘን ላይ። ቅጣቱንም ከሁለቱም ወገን ይቀበላል። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር፣ በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፣ በሰበታ ከተማ በበሪሁንና በታላቅ እኅቱ በጥሩዬ መካከል የሆነውን ያድምጥ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ጥሩዬ የተቦካ ሸክላ አፈር የሞላበትን ሳፋ ታቅፋ ከቤት ስትወጣ፣ ወንድሟ በሪሁን ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ሲነጋገር ሰማችው። ድምፁ ለስልሶ ነበር። በሪሁን ድምፁን የሚያለሰልሰው ወይ ሲለምን ወይ ሲዋሽ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለችና፣ ሳፋውን እንዳቀፈች ቆመች። «አዎን፣ ፈጽሞ አታይም» ይላል። «ገና በሕፃንነቷ ነው። ሁሉንም በዳበሳ ነው የምትሠራው። እኔስ ስንቴ አልቅሼላታለሁ መሰለሽ!» የጥሩዬ ልብ ራራ። ይህች ምስኪን ማን ትሆን ስትል አሰበች፤ ከጎረቤት ልጆች አንዷ ትሆን ወይስ ሩቅ ያለች ዘመድ? እንዲያውም ከንፈሯን መጠጠችላት። በሪሁን ግን ቀጥሎ፣ «እኅቴ ስለሆነች አይደለም፤ እንደ እርሷ መቅረዝ የሚፈለፍል እጅ የለም» ባለ ጊዜ ነገሩ ገባት። በሪሁን ከእርሷ ሌላ እኅት አልነበረውም። እርሷም በዚያች ሰዓት፣ ከአጥሩ ማዶ በመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጣ ላባዋን የምትለቅም አንዲት ዋኔን አጥርታ ታይ ነበር።

ሦስቱም፣ ማለትም በሪሁን፣ ሚስቱ ሰብለወርቅና ጥሩዬ፣ የሚኖሩት በኦቦ ባይሳ ግቢ ውስጥ በተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የአዲስ አበባ ኪራይ እየገፋ ያወጣቸው ናቸው። የፊተኛው ክፍል የባልና ሚስት ነው፤ በላስቲክ የተሸፈነ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ከአንድ ማዕዘን ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ የሚከፈት ብፌ አለበት። የኋለኛው የጥሩዬ ነው። መስኮቱ ከሁለት መዳፍ አይሰፋም፤ በሩ ሲዘጋ ቀትሩ ይመሻል። ይህ ጨለማ ሌላውን ተከራይ ባስለቀቀው ነበር፤ ለጥሩዬ ግን የሥራ መሣሪያዋ ሆነ። የእርሷ መቅረዝ ሻማ ከላዩ የሚተከልበት ተራ ማስቀመጫ አይደለም። ሆዱ እንደ ዱባ የተነፋ፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ቀዳዳ የተፈለፈለ፣ ሻማውን ውስጡ አስቀምጦ ብርሃኑን በየቀዳዳው የሚያሾልክ ነው። ሸክላው ጠፈፍ ሲል፣ ገና እሳት ሳይገባ፣ በሩን ትዘጋለች፤ ቁራጭ ሻማ አብርታ በሆዱ ውስጥ ታቆማለች፤ ከዚያም ከአሮጌ ጃንጥላ በወጣና በድንጋይ በተሳለ ሽቦ ትፈለፍላለች። ዓይኗ ግን ሸክላው ላይ አያርፍም። ግድግዳውን ነው የምታየው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በተከፈተ ቁጥር በኖራው ላይ አንዲት የብርሃን ቅጠል ትወለዳለች፤ ጥሩዬም ቅጠሏን አይታ ቀጣዩን ቀዳዳ ትወስናለች። ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው ላይ የተጠላለፈ ሐረግ ይወጣል። እንዲህ ያለው መቅረዝ በአዲስ አበባ ሱቅ መቶ ሰማንያ ብር ይሸጣል፤ የመሥሪያው ሽቦ የተገኘው ግን ከቆሻሻ ገንዳ ነው።

ሳፋውን አስቀመጠችና፣ «ማን ናት ዕውሯ?» ብላ ጠየቀችው።

በሪሁን ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ የተናገረው ረጅም ነበር፤ ሲጨመቅ ግን ይህ ነው። መቅረዙን በምታከፋፍልለት በዕድላዊት ሱቅ፣ አንዲት ገዢ እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቀው፣ እኅቴ ስትፈለፍል ሸክላውን አታየውም ብሎ ነገራት። ይህ እውነት ነበር። ሴትዮዋ «ሳታይ?» ብላ እጇን አፏ ላይ ስትጭን ግን፣ በሪሁን ማረሙን ከጨዋነት የራቀ ነገር አድርጎ ቈጠረውና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ መቅረዞቹ መደርደሪያ ላይ አላድር አሉ። ዕድላዊትም «ዓይን በሌላቸው ጣቶች የተሠራ» የሚል ካርድ አሳትማ በእያንዳንዱ አንገት ላይ አንጠለጠለች፤ ቀጥላም ባለሙያዋን በዓይኔ ካላየሁ አለች።

በዚህ ጊዜ ነው በሪሁን ትልቁን በደል የፈጸመው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳለው የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ተሰርዟል ቢባልም ቍጣው አልበረደም ነበር፤ ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ በማግስቱ በድንጋይና በተጋደመ ግንድ ይዘጋል። ገበሬው መሬቴን በካርታ ላይ ወሰዱብኝ ብሎ ያዝናል፤ ወጣቱ ይወጣል፤ በየቤቱ የታሰረ ወይም የተቀበረ ስም ይጠራል። በሪሁን ግን ይህን ሁሉ እንደ ቀን መቍጠሪያ ይዞታል። ማታ ማታ ታክሲ ተራ ይሄድና ረዳቶቹን ነገ እንዴት ነው ይላቸዋል። ይከፈታል ካሉት ስልኩን ያጠፋል። ይዘጋል ካሉት ግን ለዕድላዊት ይደውልና ነገ እንድትመጣ አጥብቆ ይጋብዛታል። በማግስቱ መንገዱ ሲዘጋ እየተከዘ፣ «ምን ይደረግ፣ የአገሩ ነገር» ይላታል። ብልሃቱ በሰመረለት መጠን ግብዣው አደገ። መጀመሪያ ሻይ ነበር፤ ቀጥሎ ዶሮ ሆነ፤ በመጨረሻ ማንም የማያርደውን፣ ያልተገዛ በግ እስከ ማሰናዳት ደረሰ።

የዚያን ቅዳሜ ረዳቶቹ ይዘጋል ብለውት ነበር። ወሬው ግን እንደ ወሬ ነውና ሌሊቱን ወደ ቡራዩ በር ዞሮ አደረ፤ የሰበታው መንገድ እንደ ሠርግ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፈተ። በሪሁን ገና ለእኅቱ ይህን እያስረዳ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ዕድላዊት ከአዲስ አበባ ልትነሣ መሆኑን ነገረችው። ሰበታ ውስጥ አንድ እንግዳ አንሥታ እንደምትመጣ፣ በጉም አነስ ያለ ቢሆን እንደማይከፋት ጨመረች።

ሰብለወርቅ ከውስጥ ወጣች። ለወትሮው ከባሏ እኅት ጋር በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማትለዋወጥ ሴት፣ እጅ መንሣት እስኪቀራት ለመነቻት። ዕድላዊት ዛሬ የዓመት ውል ልትሰጥ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ምንም ያህል ብትሠራ ትወስዳለች። የሚያስፈልገው የግማሽ ቀን ዕውርነት ብቻ ነው አለቻት። ጥሩዬ ነገስ ገበያ ስወጣ ብላ ጠየቀች። በሪሁን በፍጥነት፣ «እኔ እየመራሁሽ ነዋ፣ እትዬ!» አላት። ይህንንም ሲላት ፊቱ የበጎ አድራጊ ሰው ፊት ነበር። ጥሩዬ ያን ጊዜ የተጠየቀችውን አስተዋለች። ውሉ ለዓመት ከሆነ ዕውርነቱም ለዓመት ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ መሞቅ፣ ከኦቦ ባይሳ ማሳ ዳር ወርዳ አፈሯን መምረጥ፣ በገዛ ስሟና በገዛ ዓይኗ ይህን እኔ ሠራሁት ማለት ይቀራል። እምቢ ብትል ደግሞ ገዢዋ ትሄዳለች፤ ሥራዋን የሚፈልግ ሌላ ሱቅ የላትም። በዚህ ላይ ጥሩዬ ተንኰል የማትጠላ ሴት ነበረች፤ ከነቀፋም ነጻ አትሆንም። አገልግሏን ከጠረጴዛ ላይ እንደምታነሣ ሰው ተዝናንታ፣ «እሺ» አለች። «እስቲ ዕውር ሆኜ ልያችሁ።»

ቁርስ ላይ ልምምዱ ተጀመረ። የቀረበው ቋንጣ ፍርፍር ነበር። ጥሩዬ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በሽፋሽፍቷ መካከል ታያለች። ሰብለወርቅ ትሪውን እንዳስቀመጠች ቋንጣዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየገፋች ወደ ባሏ ዳርቻ አሻገረች፤ ለጥሩዬ ወጥ ያልነካውን ነጭ ነጩን እንጀራ ተወችላት። ይህን ስታደርግ ክፋት አላሰበችም፤ የማያይ ሰው አጠገቧ መቀመጡ ብቻ እጇን ፈታው። በሪሁንም ለሚስቱ ጥቅሻ ሰጠ። እንግዲህ ዕውርነቱ ገና በልምምድ ላይ ሳለ ድርሻዋ ተቀነሰ። ጥሩዬ እጇን አየር ላይ እያንቀጠቀጠች፣ ትሪውን ከዳር እስከ ዳር እየዳበሰች ሄደችና ከሁሉ የሚተልቀውን ቋንጣ ከበሪሁን ጣቶች ሥር አነሣች። «ይቅርታ፣ ጠፋብኝ» አለች። ቀጥላም ሌላውን፣ ከዚያም የቀረውን እንዲሁ እየጠፋባት በላች። ባልና ሚስት ተያዩ፤ ነገር ግን ራሳቸው ያመጡት ሕግ ስለ ነበር የሚናገሩት አላገኙም። በዚያ ቤት ዝምታ አዲስ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ግን ከጥሩዬ ወገን የሆነው ዝምታ ጣፋጭ ነበር።

ከቁርስ በኋላ በግቢው ውስጥ ግድግዳውን እየዳበሰች መሄድ ስትለማመድ ኦቦ ባይሳ በሩን ከፍተው ገቡ። አዛውንት ናቸው፤ የእኅታቸው ልጅ ከታሰረ ወዲህ ጋቢያቸውን እንኳ በቅጡ አይለብሱም።

«ኢንተሎ፣ አከም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? ዓይንሽን ምን ነካው?»

«ምንም አይደል፣ ኦቦ ባይሳ። እስከ ቀትር ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ወደ በሪሁን አዩ፤ ወደ ሰብለወርቅ አዩ። ከዚያም በርጩማቸውን በግቢው ካለው ዋርካ ጥላ አወጡና ከጥሩዬ ክፍል ደጃፍ አጠገብ ተቀመጡ። በሪሁን ፀሐዩ ይመታዎታል፣ ቢገቡ ይሻልዎታል ቢላቸው፣ ፀሐይ ከሰው ይሻላል አሉት።

ብዙም ሳይቆይ የዕድላዊት መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ዕድላዊት ቀጠን ያለች፣ ንግግሯም እርምጃዋም ፈጣን የሆነ ነጋዴ ናት፤ የመኪናዋን በር ሳትዘጋ ቤቱን፣ ግቢውንና የአጥሩን ቆርቆሮ ገምታ ጨርሳለች። ከበስተኋላዋ ነጭ ዘንግ የያዘ፣ ጸጉሩ ግራና ቀኝ የሸበተ ሰው ወረደ። መምህር ስምዖን ይባላል፤ በሰበታ ዓይነ ስውራን ልጆችን ሲያስተምር የኖረ፣ ራሱም ዓይነ ስውር ነው። በሪሁን ዘንጉን ባየ ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። መምህሩ የባለሙያዋን ደጃፍ ተመርቶ ደረሰና፣ ስሙንም ሳይናገር፣ እንዲያው በዝምታ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጥሩዬ አንገቷን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ ዓይኗን አፍዝዛ ቆማ ነበር። ነገር ግን ሽበት ያለው ሰው እጁን ሲዘረጋ ባዶ ማስቀረትን ከእናቷ አልተማረችም፤ አስተዳደጓ ከተንኰሏ ቀደመና ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ ከወገቧም ዝቅ ብላ ተቀበለችው። «እንደምን አሉ» አለች። መምህሩ እጇን ጥቂት ያዝ አድርጎ ቆየ። ፈገግም አለ።

ሁሉም ወደ ክፍሏ ገቡ። በሩ ተዘጋ፤ ኦቦ ባይሳ ብቻ ደጁ ላይ ቀሩ። ጥሩዬ ጠፈፍ ያለውን መቅረዝ በጉልበቷ መካከል ይዛ፣ ቁራጯን ሻማ በውስጡ አቁማ ሥራዋን ጀመረች። በዚህ ጊዜ ማስመሰል አላስፈለጋትም። ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ እጇ ወደ ሸክላው ነበር፤ በኖራው ላይ አንዲት ቅጠል ወጣች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ግንዱ ተጠማዘዘ። ዕድላዊት ትንፋሿን ይዛ፣ «ጉድ ነው እኮ! ጭራሽ አታየውም» ብላ አንሾካሾከች። በሪሁን ልቡ ተመለሰለት። የጣት ጫፍ ከዓይን እንደሚበልጥ፣ እግዚአብሔር አንዱን ሲነሣ ሌላውን እንደሚሰጥ በሰፊው አብራራ። ንግግሩ ወደ ስብከት እየዞረ ሳለ መምህር ስምዖን በትሕትና አቋረጠው።

«የሻማ ሽታ ይሸተኛል። የበራው ለማን ነው?»

«ለእንግዶች ነዋ፣ መምህር» አለ በሪሁን። «ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ፣ ለእናንተ ብለን ነው።»

«ስለ አሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ» አለ መምህሩ። ዕድላዊት ሳቋን ዋጠች። እርሱ ግን ሳቅ ፈልጎ አልመጣም ነበር። ዘንጉን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፊቱን ወደ ጥሩዬ አዞረ፤ በቀስታም የመጣበትን ነገር ነገራት። ከተማሪዎቹ አንዲት ልጅ አለች፤ ጭቃ ካገኘች ምሳዋን ትረሳለች። ቤተሰቦቿ ግን ዓይን የሌላት ሸክላ ምን ያደርግላታል እያሉ ያበሽቋታል። እርሱ በዕድላዊት ሱቅ ያለውን ካርድ ሲያነቡለት ሰምቶ፣ እንዳንቺ ያለች ባለሙያ በዚሁ በሰበታ አለች ብሎ ለልጅቱ ነግሯታል፤ ልጅቱም ከዚያ ወዲህ ማንንም አትሰማም። «አንድ ጥያቄ አደራ ብላኛለች» አለ። «ሽቦው የሸክላውን ሆድ ሊበሳ ሲቃረብ በጣትሽ እንዴት ታውቂያለሽ? የእርሷ እየተሰበረ ነው።»

የጥሩዬ እጅ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሐረግ ከሻማው ጋር ይወዛወዝ ነበር፤ መልሱም እዚያው ነበር፤ እርሷ በጣቷ አታውቅም፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ጭል ሲል አይታ ነው የምታውቀው። በሪሁን ጉሮሮውን ጠረገ። ሰብለወርቅ ከበሩ ጥግ ሆና በጭንቅላቷ እባክሽ አለቻት። የዓመቱ ውል በዕድላዊት ቦርሳ ውስጥ ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ውሸቱ ጨዋታ ሆኖ ያገለገላት ጥሩዬ፣ አሁን በዚያ ማዶ ጭቃ ይዛ የምትጠብቅ ልጅ ታየቻት። ሽቦውን መሬት ላይ አኖረችው።

«መምህር፣ እኔ አያለሁ» አለች። «ሁለቱም ዓይኖቼ ደኅና ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለ መምህር ስምዖን።

ቀጥሎም አስረዳ። «ሁለት ዓይነ ስውሮች ሲጨባበጡ መጀመሪያ የሚጨብጡት ነፋስ ነው። አንቺ ግን ሳልናገር እጄን አገኘሽው። ደግሞ ድምፅሽ ከታች መጣ፤ ለጥ ብለሽ ነበር። ባለጌ ብትሆኚ ኖሮ ባላወቅሁብሽ።»

ጥሩዬ ከኀፍረቷ ጋር ሳቅ አመለጣት። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብትለው፣ በዚህ ቤት ውሸት መኖሩን እንጂ የማን እንደ ሆነ ስላላወቀ፣ ባለቤቱ እስኪለይ መጠበቁን ነገራት። በሪሁን በዚህ ጊዜ መሳቅ ሞከረ። ነገሩ ቀልድ እንደ ነበር፣ ዛሬ ሊነግራቸው አስቦ እንደ ነበር፣ ለዚህም ብሎ በጓጓ ልብ ደጋግሞ እንደ ጋበዛቸው ተናገረ። ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ዕድላዊት የግብዣዎቹን ቀናት አንድ በአንድ ማሰብ ጀመረች፤ ጎማ የተቃጠለበት ሰኞ፣ ከዓለም ገና የተመለሰችበት ሐሙስ፣ የመኪናዋ መስታወት ሊሰበር ለጥቂት የዳነበት ዕለት። «መንገድ በተዘጋ ቀን ብቻ ነው የምትጠራኝ?» አለችው። «እንዳልደርስ ነው?»

በሩ ከውጭ ተከፈተ። ኦቦ ባይሳ ደፉ ላይ ቆመዋል።

«ያን ሐሙስ እኔ የእኅቴን ልጅ ከጣቢያ ጣቢያ ስፈልገው ውያለሁ» አሉ በረጋ ድምፅ። «ባጫ የተያዘው እዚያ መንገድ ላይ ነው። በዚያን ቀን አንተ በስልክ በግ ታርድ ነበር።»

የበሪሁን ቀልድ አፉ ውስጥ ደረቀ። ሰብለወርቅ እንኳ አጠገቡ አልቆመችም፤ ሻይ ላፍላ ብላ ወጣች፤ ማንም ሻይ አልጠየቀም ነበር።

የቀረው ነገር በብርሃን ተፈጸመ። ጥሩዬ መስኮቱንም በሩንም ከፈተችና መቅረዙን በመምህሩ መዳፍ ላይ አኖረችለት፤ እርሱም ሐረጉን ከሥሩ እስከ ጫፉ በጣቱ ተከተለው። ለልጅቱ ጥያቄ መልስ ባይኖራትም አብረው እንዲፈልጉት ልጅቱን እንዲልክላት ለመነችው። መምህሩም ሁለት ሰው ሆነው ቢሰብሩ እንደሚሻል ተናገረ። ዕድላዊት ግን ነጋዴ ናትና እንዲህ በቀላሉ አልተፈታችም። ካርዱን ቀድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች፤ ገዢው የከፈለው ግማሹ ለመቅረዙ፣ ግማሹ ለርኅራኄው እንደ ነበር በግልጽ ነገረቻት። የዓመት ውሉ ቀረ። በመቶ አሥር ብር ሒሳብ ለጊዜው ጥቂት ብቻ እንደምትወስድ፣ ከሥሩ ግን የጥሩዬ ስም እንዲቀረጽ እንደምትፈልግ፣ ማንም ቢጠይቃት የጥሩዬን ስልክ ቁጥር እንደምትሰጥ ተስማሙ። ጥሩዬ ከዚህ የበለጠ አልጠየቀችም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ በፀሐይ ተቀምጣ በየመቅረዙ እግር ስሟን ስትቀርጽ ዋለች፤ አላፊ አግዳሚውንም ሁሉ በስሙ እየጠራች ሰላም አለች።

በሪሁንን በተመለከተ የተወሰነበት እንደሚከተለው ነው። ዕድላዊት ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእርሱ እጅ ምንም ዕቃ አልተቀበለችም፤ በሌሎች ሱቆችም ዘንድ ስሙ ተነግሮ የሻጭነት ሥራው ቀረ። የሰፈሩ ሽማግሎች በኦቦ ባይሳ ግቢ ተሰብስበው፣ በእኅቱ ዓይን ስለ ዋሸ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ የሸክላውን አፈር ከማሳው ዳር ቆፍሮ በገዛ ጀርባው ተሸክሞ እንዲያመጣላት ፈረዱበት። በሰው ኀዘን ስለ ተከለለ ደግሞ፣ ባጫ እስኪፈታ ድረስ በየእሑዱ ስንቁን ተሸክሞ ከኦቦ ባይሳ ኋላ በእግሩ እስር ቤቱ በር ድረስ እንዲሄድና ሽማግሌው ጠይቀው እስኪወጡ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ አዘዙ። ባጫ የተፈታው ከፋሲካ በኋላ ነው። በሪሁን ሁለቱንም ቅጣት ሳያጎድል ፈጸመ።